ስለ አንዲት ፊደል መልክ፤ ከወልድያ እስከ ሐይቅ

በዚህ ዐምድ ስለ ፊደል መልክና ስለ ንድፍ ሥራ የምንጽፈው ለማተሚያ ቤት ሠራተኞች ብቻ ይጠቅማል ብለን አይደለም። የጸሎት መጽሐፉም፣ የሠርግ መጥሪያውም፣ የሙት ዓመት ማስታወቂያውም በየቤቱ የሚነበብ ስለ ሆነ የፊደል ነገር የቤተሰብ ነገር ነው።

ከወልድያ ተነሥቼ በሲሪንቃ በኩል ወደ ሀብሩ ወረዳ ከተማ ወደ መርሳ ስወርድ በመንገድ ዳር የተሰቀለውን ጽሑፍ ሁሉ ሳነብብ ሄድሁ፤ ይህ የሥራዬ ልማድ ነው። በቆርቆሮ ላይ በብሩሽ የተጻፉት አሮጌ ሰሌዳዎች፣ ምንም እንኳ ቀለማቸው ቢለቅቅ፣ አንዱ ጐናቸው ወፍሮ ሌላው ቀጥኖ የመቃ ብዕርን ጠባይ ይዘው ይታያሉ። ዐዲሶቹ ባነሮች ግን ሸራው እስኪሞላ ድረስ ፊደሉ ወደ ጐን እየተጐተተ የተለጠጠባቸው ናቸው። ፊደል እንዲህ ሲለጠጥ ቋሚ እግሩ ይወፍራል፤ አግዳሚው ግን እንደ ነበረ ይቀራል፤ መልኩም እንዳበጠ ፊት ይሆናል።

ከዚህ የከፋ ግን በመርሳ ገጠመኝ። በአንድ የባነር ማተሚያ ሱቅ ወጣቱ ሠራተኛ ለጉባኤ የሚሰቀል ሸራ ሲያዘጋጅ፣ በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ «ስለ ድህነት የሚሰጥ ትምህርት» የሚል አነበብሁ። በብዙኃኑ ኀ «ድኅነት» ቢል መዳን ነው፤ በሃሌታው ሀ «ድህነት» ሲል ግን ማጣትና ችጋር ነው። ነገሩን ባመለክተው «ጋሼ፣ ድምፁ አንድ አይደለም ወይ? ምን ለውጥ አለው?» አለኝ። እኔም በየቀኑ የምንደግመውን ጸሎት አነሣሁለት። በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ «ሰአሊ ለነ» ብንጽፍ እመቤታችንን ለምኝልን ማለታችን ነው፤ በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ብንጽፈው ግን ሥዕል ሣዪልን ማለት ይሆናል። ልጁ ከልቡ ሣቀና ኅ በየትኛው ቍልፍ እንደምትገኝ ይፈልግ ጀመር።

ጥፋቱን በልጁ ላይ ብቻ መጫን አይገባም። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ስለሚሆኑ፣ ለጥቂት የላቲን ፊደላት በተሠራ የጽሕፈት መኪና ላይ ማስፈር አስቸጋሪ ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች ለዚሁ ብዙ ደክመዋል፤ ድምፃቸው አንድ የሆኑት ይቀነሱ የሚለውም ክርክር ከዚሁ ችግር ጋራ የተያያዘ ነበር። ነገር ግን በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኒኮድ 3.0 መለያ፣ ፊደላችን በዓለም የኮምፒዩተር ሥርዐት ውስጥ ሲገባ ሀም ሐም ኀም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ስፍራ አግኝተዋል። እንግዲህ ዛሬ መኪናውን የምንወቅስበት ምክንያት የለም፤ የቀረው የጣት ልማድ ነው።

ከመርሳ በውርጌሳ አልፎ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ውጫሌን ያገኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚል መንፈስ ሲኖረው በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ መገኘቱ ወደ ዐድዋ ያደረሰ መሆኑን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

ከውጫሌ ቀጥሎ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። አባ ኢየሱስ ሞአ በ1280/81 እ.ኤ.አ. ለገዳሙ ያጻፉት ወንጌል ለፊደል ሠራተኛ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ፊደሉ ረዘም ብሎ ማዕዘን የያዘ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ጸሓፊው አንዱን ፊደል ለመስመሩ ሲል አልለጠጠውም። ቃል ከቃል የሚለዩት ሁለቱ ነጥቦችም ለዐይን ማረፊያ ይሆናሉ፤ እነዚህን ነጥቦች ከዛሬው ኅትመት ማጣታችን እኔን ያሳዝነኛል።

በሮምም በእስጢፋኖስ ስም የሚጠራ የኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያ ነበር። የኮሎኙ ካህን ዮሐንስ ፖትከን ግእዝን በሮም ከነበሩት መነኮሳት ተምሮ በ1513 እ.ኤ.አ. መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ፤ በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ነው። በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ፣ አታሚዎቹ ማንበብ፣ መነኮሳቱም ማተም ስለማያውቁ ለተፈጠረው ስሕተት አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። የዛሬው አታሚ ማንበብም ማተምም ያውቃል፤ ስለዚህ ይቅርታው ለእርሱ አይበቃውም።

በኢንተርኔት ለሚፈልግ፣ በአሜሪካ በሚኔሶታ ኮሌጅቪል ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤት የንባብ ገጽ በነጻ ይከፈታል፤ መመዝገብ ብቻ ይበቃል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የኢትዮጵያ ብራናዎች በዚያ አሉ፤ በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ብዙዎቹን መርምረው ዘርዝረዋል። ለኅትመት ደግሞ የብራናን አጻጻፍ የተከተለው «አቢሲኒካ» የሚባለው ፎንት ያለ ዋጋ ይገኛል።

በስልክ ለሚጽፉ ልጆች፤ በድምፅ በሚሠሩት የቍልፍ ሰሌዳዎች ብዙውን ጊዜ የህን ቍልፍ ሁለት ጊዜ ሲነኩ ኅ ትመጣለች። ለጥር ሠርግ መጥሪያ የምታሳትሙ ወላጆችም፣ ናሙናውን ሳይታተም ወደ ቤት አምጡና ቄስ ትምህርት ቤት የዋሉ አያት ያንብቡት፤ «ኃይለ» በብዙኃኑ ኀ፣ «ሣህሉ» በንጉሡ ሠ መጻፉን በተለይ ይመልከቱልን።