ከኩሬው በፊት ጫጩቱ

መንዝ ሲባል ለነጋዴ ቶሎ ትዝ የሚለው በግና ባና ነው። ዓሣ ከዚያ አገር ይወጣል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው የለም። ይሁንና የጾም ወራት በደረሰ ቁጥር (ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወውና) የአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች ከዝዋይ፣ ከጫሞና ከጣና የሚመጣውን ሲሻሙ ይታያል። ታዲያ «ወንዝ ካለ ኩሬ ቆፍሮ ማርባት ነው» የሚል ባለሀብት አይጠፋም። ሰሜን ሸዋ ደግሞ የወንዝ ድሃ አይደለም።

እዚህ ላይ ሒሳቡን መመርመር ይገባል። ኩሬ መቆፈር ቀላሉ ሥራ ነው፤ ከባዱ ጫጩቱ ነው። ቆሮሶን እንውሰድ። በኩሬ ውስጥ ሳያስቸግር ይራባል፤ ጣጣውም ይኸው ነው። ገና ሳያድግ መራባት ስለሚጀምር ኩሬው በደቃቃ ዓሦች ይሞላል፤ መኖው ያልቃል፤ ለገበያ የሚሆን ክብደት ያለው ግን አይገኝም። ስለዚህ የሠለጠኑ አርቢዎች ወንድ ወንዱን ብቻ ያሳድጋሉ። የአምባዛ ነገር ተቃራኒ ነው። ኩሬ ውስጥ በራሱ ፈቃድ እምብዛም ስለማይራባ ሴቷን ሆርሞን መውጋት፣ ወንዱን ደግሞ አርዶ ዘሩን ማውጣት ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቅ ሰው በሳምንት ሥልጠና አይገኝም።

የአየሩም ጉዳይ አለ። ቆሮሶ ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እድገቱ ይጓተታል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ይሞታል። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ሌሊቷ ውርጭ የሆነ ከተማ ናት። ቆሮሶን ወደዚያ ማውጣት ገንዘብን ውርጭ ላይ ማስጣት ነው። በመርሐቤቴ በኩል ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ ግን አገሩ ቆላ ነው፤ ሒሳቡም ይለወጣል። ለደጋው ቀዝቃዛና ወራጅ ውሃ የሚወድ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። በንጉሡ ዘመን ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ተለቅቆ ለምዷል። በመንዝስ ይሆናል ወይ? ትራውት ሌላውን የሚበላ ዓሣ ነውና ከጓሳ በሚነሡት ምንጮች ያለውን ነባር ፍጥረት አይጨርስም ወይ? ይህን የሚመልሰው ደላላ አይደለም፤ ውሃው ዳር ከርሞ የሚያጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው።

«የተማሪ ጽሑፍ መደርደሪያ ያሞቃል እንጂ ገንዘብ አያመጣም» የሚል ነጋዴ ይኖራል። በአውስትራሊያ የጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ከባሕር በታች ቋጥኝ የሚሠራው ኮራል የተባለ ፍጥረት ጨረቃ ከሞላች በኋላ ባሉት ጥቂት ሌሊቶች በአንድነት ዘሩን እንደሚለቅ ደረሱበት። ዛሬ የተጎዳ ኮራል መልሰው የሚያለሙ ሰዎች ያንኑ ሌሊት ቆጥረው ነው ዘር የሚሰበስቡት። ራቅ ካለብን የመንዝ በግ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ገበሬው በማኅበር ሆኖ አውራውን እየመረጠ ዝርያውን የሚያሻሽልበት ዘዴ በተመራማሪዎችና በድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጥናት የታገዘ ነው። በበግ የሠራ በዓሣ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ሰበታ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። አዲስ አበባና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች በዘርፉ ያስተምራሉ፤ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ለቦታው ቅርብ ነው። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የተነሣው ግጭት ለመስክ ሥራ እንቅፋት መሆኑ አይካድም፤ የማራቢያው ሙከራ ግን ሰበታ ላይ ሊጀመር ይችላል። አራት አምስት ባለሀብቶች ቢዋጡ የአንድ ተማሪ ወጪ ከአንድ ኤክስካቫተር ኪራይ ጋር ሲነጻጸር የሚያስደነግጥ አይሆንም። ብቻ ገንዘብ ያዋጣ ሁሉ ውጤቱን ካዝና ውስጥ ልቆልፍበት እንዳይል ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ያልወደደውን ውጤት የሚደብቅ ባለሀብት ጎረቤቱን ያከስራል። ተማሪውም ሥራውን የሚጀምረው በቴርሞሜትር ይሁን፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፣ ከደጋው ምንጭ እስከ ጀማ ዳር፣ ቀንና ሌሊት የውሃውን ሙቀት ይመዝግብ። እስከዚያው ኤክስካቫተሩ ይቆይ።