«ሳላውቅ ነው» ካሉ በኋላ

አማርኛችን ጥፋተኛ መደበቅ ይችልበታል። ብርጭቆ የሰበረ ሰው «ሰበርኩት» አይልም፤ «ከእጄ አምልጦ ተሰበረ» ነው የሚለው። ብርጭቆው ለማምለጥ ሲዶልት የከረመ ይመስል! ከፍ ወዳለው ወንበር በወጣን ቁጥር ደግሞ አድራጊው ይበልጥ ይሰወራል። «ክፍተት ነበር»፣ «ስህተት ተፈጥሯል»፣ «የቴክኒክ ችግር አጋጥሟል»። ማን ፈጠረው? በማን እጅ ላይ አጋጠመ? መልስ የለም። ስህተቱ እንደ ሐምሌ ዝናብ ከላይ ወርዶ ሁሉንም እኩል ያረጠበ ነገር ሆኖ ያርፋል።

ከዚያ የመጨረሻዋ ቃል ትመጣለች፤ «ሳላውቅ ነው»። ይህቺ ቃል ከተባለች በኋላ የሚጠይቅ ሰው ራሱ ክፉ ይሆናል። «አላወቅኩም እያለሽ ምን ልታደርጊው ነው?» «ተወው በቃ፣ እግዜር እንኳ ይቅር ይላል።» ሃይማኖት የምንወድ ሕዝብ ስለሆንን መጽሐፍ ቅዱስም ለምስክርነት ይጠራል። ባለማወቅ የተሠራ ኃጢአት ይሰረያል፣ አለቀ፣ ሻይ እንጠጣ።

እኛ ግን መጽሐፉን ገለጥ አድርገን ስናየው ነገሩ እንዲህ ቶሎ የሚያልቅ ሆኖ አላገኘነውም። ይቅርታ አለ፣ እሱን ማንም አይክድም። ነገር ግን «ሳላውቅ ነው» ብለን እኛ ጉዳዩን በምንዘጋበት ቦታ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ገና መዝገቡን ይከፍታል።

እስቲ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 4ን እንይ። (በአዲስ ዓመት «ዘንድሮ መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር አነባለሁ» ብሎ የሚጀምር ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው እዚህ ሰፈር ነው፤ ስቡና ኩላሊቱ ሲበዛበት።) ምዕራፉ ስለ ሌባ ወይም ስለ ወንበዴ አያወራም። ሳያውቅ፣ በስህተት ስላጠፋ ሰው ነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያወራው። የተቀባው ካህን ሳያውቅ ቢያጠፋ ወይፈን ያመጣል። ጉባኤው በሙሉ ቢሳሳትም ወይፈን ነው። አለቃ ከሆነ ወንድ ፍየል። ተራ ሰው ከሆነ ሴት ፍየል ወይም ሴት በግ። ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ በግ ለመግዛት አቅም ያነሰው ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት ይዞ እንዲመጣ ይፈቀድለታል። ይህንንም ያጣ እንደሆነ ጥቂት መልካም ዱቄት ይበቃዋል። የፋሲካ ገበያ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው በወይፈንና በእፍኝ ዱቄት መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት እንድናሰላለት አይጠይቀንም።

ልብ በሉ፤ አለማወቁ ያው አለማወቅ ነው። ካህኑም አላወቀም፣ ደሀውም አላወቀም። ዋጋው ግን ከወንበሩ ጋር አብሮ ይወጣል። ትልቅ ቦታ ላይ ተቀምጠህ «አላወቅኩም» ማለት ርካሽ አይደለም፤ ያንን ወንበር የያዝከው እንድታውቅ ነዋ! በእኛ አገር መሥሪያ ቤቶች የሚሆነው ግን ተገላቢጦሽ ነው። ጥፋቱ ከላይ ይጀምርና ኃላፊው «አልተነገረኝም» ይላል፣ የክፍሉ ሹም «ከበላይ ነው የመጣው» ይላል፣ እንዲህ ሲወርድ ሲወርድ መጥቶ ዘበኛው ወይም ጸሐፊዋ ላይ ይቆማል። ወይፈኑን የሚያመጣው ዱቄት እንኳ የሌለው ሰው ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። አለቃው ፍየሉን ሲያመጣ እጁን በፍየሉ ራስ ላይ የሚጭነው እሱ ራሱ ነው። ምክትሉ አይጭንለትም። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉም መግለጫ አያወጣለትም። የገዛ እጁን፣ ሰው እያየው። «ስህተት ተፈጥሯል» የሚለው አማርኛ ለዚህ ሥርዓት ጭራሽ አይመችም፤ እጅ የለውምና።

ሦስተኛው ነገር የበለጠ ያስገርመናል። በዚያው ምዕራፍ 5 ላይ ከተቀደሰው ነገር ሳያውቅ ያጎደለ ሰው ያጎደለውን ከመለሰ በኋላ አምስተኛ እጅ እንዲጨምር ይታዘዛል። ሳያውቅ ነው እኮ! የወሰደውን ብቻ መመለሱ አይበቃም፤ በመሀል ለጎደለው ጊዜና ለደረሰው ጉዳት ጭማሪ አለው።

ይህን አምስተኛ እጅ ወደ ጋዜጠኝነት እናምጣው፤ የተማርነው እሱን ነውና። አንድ ጋዜጣ የአንድን ሰው ስም በፊት ገጽ በትልቁ ያጠፋል። በሚቀጥለው እትም ስህተቱ ይታወቃል። ማስተካከያው የት ይወጣል? በውስጥ ገጽ፣ ከጨረታ ማስታወቂያው ሥር፣ በማጉያ መነጽር በሚነበብ ፊደል። በኦሪት ሒሳብ ቢሆን ኖሮ ማስተካከያው በዚያው በፊት ገጽ፣ በዚያው ፊደል፣ ከዚያም አምስተኛ እጅ ሰፋ ብሎ ይወጣ ነበር። አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው ስልኩን ይዞ ጋዜጠኛ ሆኗል። «ይህን ሌባ አፋልጉን» የሚል ፎቶ በቴሌግራም ይመጣል፣ ሺህ ሰው ሼር ያደርገዋል፣ ማታ ላይ ልጁ ንጹሕ እንደሆነ ይሰማል። ሼር ያደረገው ሰው ምን ያደርጋል? ድምፁን አጥፍቶ ይሰርዘዋል። «ሳላውቅ ነው» ለማለት እንኳ አይቸገርም። ልጁ ግን በማግስቱ ታክሲ ውስጥ ሰው አፍጥጦ ያየዋል።

«አንዳንድ ነገር እኮ በእርግጥም አይታወቅም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ መጽሐፉም ልዩነቱን አላጠፋውም። ዘኍልቍ ምዕራፍ 15 በስህተት ላጠፋ መሥዋዕት ያዛል፤ እጁን አንሥቶ በድፍረት ለሚበድል ግን ያ በር ዝግ ነው። ችግሩ ያለው በሁለቱ መካከል በተዘረጋው ሰፊ ሜዳ ላይ ነው፤ ማወቅ እየቻሉ አለማወቅን መምረጥ። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ይህንን በበሬ ያሳየናል። ተዋግቶ የማያውቅ በሬ ድንገት ሰው ቢገድል በሬው ይወገራል፣ ባለቤቱ ነፃ ነው። በሬው ግን ከዚህ በፊት ተዋጊ እንደሆነ ተነግሮት ሳያስረው ቀርቶ ሰው ከገደለ ባለቤቱም በነፍሱ ይጠየቃል። በሁለቱም ጊዜ ባለቤቱ ሰው እንዲሞት አልፈለገም። ለውጡ «ተነግሮት ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

እዚያው ምዕራፍ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን ስለተወ ሰው ተጽፏል፤ በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ቆፋሪው ይከፍላል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዛል። ይህን ያነበበ የአዲስ አበባ ልጅ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ለቧንቧ ወይም ለኬብል ተቆፍሮ፣ ምልክት ሳይደረግለት፣ በክረምት ውኃ ሞልቶት ከመንገዱ ጋር እኩል የሆነ ጉድጓድ ያላየ ማን አለ? የቆፈረው ሰው ማንንም መጉዳት አላሰበም። ክዳን ማድረግም ግን አላሰበም፤ የሚጠየቀውም ለዚህኛው ነው።

አሁን አንዱ ተነሥቶ «ይህ ሁሉ ብሉይ ነው፣ እኛ በአዲስ ኪዳን ነን» ይለናል። ይሁን፤ ወደ ሐዲስ እንሂድ። ክርስቶስ በመስቀል ላይ ሆኖ ለሰቀሉት ይቅርታ ሲለምን ምክንያቱ አለማወቃቸው እንደሆነ ሉቃስ ጽፏል። ከዚህ በላይ ይቅርታ የለም። ግን ልመናው ከማን አፍ ወጣ? ከተበደለው! ሚስማሩን የመቱት ወታደሮች «ሳናውቅ ነው» ብለው ይቅርታውን ለራሳቸው አልቆረሱም። ጴጥሮስም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 ሕዝቡን ሲያናግር እነሱም አለቆቻቸውም ባለማወቅ እንዳደረጉት ያምንላቸዋል፤ ካመነላቸው በኋላ ግን «በሉ ወደየቤታችሁ» አላላቸውም፤ ንስሐ እንዲገቡ ነው የጠየቃቸው። የጌታውን ፈቃድ ሳያውቅ ያጠፋው አገልጋይስ? በሉቃስ ምዕራፍ 12 ላይ የሚገረፈው ጥቂት ነው። ጥቂት።

ያልገባንን ደግሞ ገብቶናል አንልም። ታቦቱን የጫነው ሠረገላ በሬዎቹ ሲደናቀፉ ሊወድቅ ነው ብሎ እጁን የዘረጋው ዖዛ እዚያው ሞተ። ዳዊት እንኳ አዘነ፣ ፈራም። ስብከት ላይ ይህን ታሪክ ለማለስለስ የሚደረገው ጥረት ብዙም አያረካንም። አንድ ነገር ግን ዐይናችን ውስጥ ገብቷል፤ በአንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 15 ዳዊት ራሱ ታቦቱን ሌዋውያን መሸከም እንደነበረባቸውና ሥርዓቱን እንዳልጠየቁ ሲናገር በጥፋቱ ውስጥ ራሱንም ይጨምራል። ንጉሡ «ዖዛ ለምን ነካው?» ብሎ ጉዳዩን በሟቹ ላይ አላላከከም።

ከሁሉም በላይ ግን የምንወደው የመማፀኛ ከተሞቹን ሥርዓት ነው። ሁለት ሰዎች እንጨት ሊቆርጡ ዱር ይሄዳሉ፤ አንዱ ምሳሩን ሲያነሣ ብረቱ ከእጀታው ይወልቅና ባልንጀራውን ይገድለዋል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 የሰጠው ምሳሌ ይህ ነው። የሟቹ ዘመድ ደሙን ለመመለስ ይነሣል። ገዳዩ ወዴት ይሂድ? ስድስት ከተሞች ተለይተውለታል፤ ከዮርዳኖስ ወዲህ ቃዴስ፣ ሴኬምና ኬብሮን፣ ከዮርዳኖስ ማዶ ደግሞ ቦሶር፣ ራሞትና ጎላን። መንገዱም አስቀድሞ እንዲሰናዳለት ታዟል፤ ሯጩ ሳይደርስ እንዳይያዝ።

በእኛ ከተማ መኪና ሰው ሲገጭ የሚሆነውን አስቡ። ሹፌሩ በመጀመሪያ የሚታየው የተጎዳው ሰው ሳይሆን የከበበው ሰው ዱላ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ነድቶ ይጠፋል፤ ሊተርፍ ይችል የነበረው ሰውም አስፋልት ላይ ይቀራል። ሁለቱም ይሮጣሉ፤ የኦሪቱ ሯጭ ግን የሚሮጠው ወደ ፍርድ ነው። በከተማው በር ቆሞ ነገሩን ለሽማግሌዎች ይናገራል፣ ማኅበሩም በእሱና በደም ተበቃዩ መካከል ይፈርዳል። አስቦበት የገደለ ሆኖ ከተገኘ ከተማው አያስጥለውም።

ሳያስብ የገደለ ከሆነ ደግሞ አይገደልም፤ ወደ ቤቱም አይሄድም! ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ እዚያው ይቀመጣል። አንድ ዓመት ሊሆን ይችላል፣ ሠላሳም። የሟቹ እናት በየቀኑ ደጇ ላይ ሲያልፍ አታየውም። ዘኍልቍ ምዕራፍ 35 ደግሞ ጊዜው ሳይደርስ ወደ አገሩ ለመመለስ የቤዛ ገንዘብ እንዳይቀበሉት ይከለክላል። ባለጠጋም ቢሆን መውጫውን መግዛት አይችልም ማለት ነው። እዚህ ላይ ሽምግልናችንን ማናናቃችን አይደለም፤ ደም ያደረቀ፣ ሰፈር ያስታረቀ ትልቅ ሥርዓት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ይቀጣል። ግን ደግሞ ብር ተቆጥሮ፣ እግር ተስሞ፣ በሳምንቱ ሁሉም እንደነበረ ሲሆን፣ የሟች እህት ብቻ «አንቺ ደግሞ ቂም አትያዢ» እየተባለች ስትቀር እናውቃለን። ገዳዩ ምንም ሳይለወጥበት እሷ ብቻ እንድትለወጥ ትጠየቃለች።

የአይሁድ ሊቃውንት ይህን ሕግ ሲያብራሩ የተናገሩት በሚሽና ውስጥ፣ ማኮት በሚባለው ክፍል ተጽፎ ይገኛል። የሊቀ ካህናቱ እናት በከተማው ለተማፀኑት ምግብና ልብስ ታቀርብላቸው ነበር ይላሉ፤ ቶሎ ነፃ ለመውጣት ሲሉ ልጇ እንዲሞት እንዳይጸልዩ። (እናትነት እንዲህ ነው፤ ሥነ መለኮቱን ለሊቃውንቱ ትታ እሷ ድስቷን ትጥዳለች።) እዚያው አለፍ ብሎ ደግሞ ይህ አለ፦ በስህተት ሰው ገድሎ የተማፀነን ሰው የከተማው ሰዎች ሊያከብሩት ቢፈልጉ ነፍሰ ገዳይ መሆኑን አስቀድሞ ሊነግራቸው ይገባል። እያወቁም እናከብርሃለን ካሉት ግን አይግደርደር፣ ይቀበላቸው።