«ጂም ግባ፣ ወይ ቤትህ ሥራ» ለሚሉን

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን ስለ ተማሪ ሰውነት ጽሑፍ አቅርቦ ነበር። ብዕሩ አይታማም፤ እኛም እስከ መጨረሻው አንብበነዋል። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ተማሪ ሰንፏል፤ ከመኝታ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ካፌ፣ ከካፌ ወደ ስልኩ ሲመላለስ ወገቡ ጎበጠ፤ ስለዚህ ከሁለት አንዱን ይምረጥ፤ ወይ ጂም ይመዝገብ፣ ወይ ቤቱ ይሥራ። ከዚህ ሌላ ያለው ሁሉ ሰበብ ነው ብሎ ደመደመ።

የወገቡን ነገር አንክድም። ግማሽ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጠን ስንነሣ እንደ ሽማግሌ «እህህ» የምንለው እኛው ነን። የምንከራከረው በምርጫው ላይ ነው። ሁለት በር አሳይቶ፣ ሁለቱም የተዘጋበትን ሰው «ሰነፍ» ማለት፣ ይቅርታ ይደረግልንና፣ ስድብ እንጂ ምክር አይደለም።

እስቲ ከጂሙ እንጀምር። በወሬ ከምንፈርድ ብለን ሦስት ሆነን ሐይቅ ዳር ካሉት ወደ አንዱ ዋጋ ልንጠይቅ ገባን። በሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ጨዋ ናት፤ መመዝገቢያው ይህን ያህል፣ የወሩ ይህን ያህል፣ አሠልጣኝ ከፈለጋችሁ ደግሞ ለብቻው ነው ብላ በፈገግታ ነገረችን። እርስ በርሳችን ተያየን። ከቤት የሚላክልንን ሦስታችንም ብናዋጣ አንዳችንን እንኳ ለአንድ ወር አያስገባም። «እናስብበታለን» አልናት። «እናስብበታለን» በአገራችን ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች።

ከመውጣታችን በፊት ወደ ውስጥ አየን። አራት ሰዎች መሮጫ ማሽን ላይ ተሰልፈው፣ ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው መስታወት ይሮጣሉ። ከጀርባቸው፣ በመስኮቱ በኩል፣ ሐይቁ ተኝቷል። 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ውሃ ጀርባ ተሰጥቶታል! በዚህ መሃል መብራት ሄደ። ማሽኖቹ ቀጥ አሉ። አንደኛው ሰውዬ ሊደፋ ምንም አልቀረው፤ እጀታውን ጨብጦ ተረፈ። ወርዶ ወደ ሐይቁ የሄደ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። እዚያው ማሽኑ ላይ ቆሞ መብራቱ እስኪመጣ ጠበቀ።

የዚህ ማሽን የዘር ሐረግ ሲቆጠር ደግሞ ያስቃል። በፈረንጆች 1818 ዊሊያም ኩቢት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለእስረኞች መቀጫ የሚሆን ትልቅ መንኮራኩር አወጣ። እስረኞቹ ተሰልፈው እንደ ደረጃ ሲወጡት እሱ ይሽከረከራል፤ እነሱ የትም አይደርሱም። አንዳንዱ እህል ይፈጭ ነበር፤ አንዳንዱ ግን አየር ብቻ ነው የሚፈጨው። እንግሊዞች ራሳቸው በ1898 ካወጡት የወህኒ ቤት ሕግ በኋላ ቅጣቱን አስቀሩት። የዛሬው ማሽን ያው ነው አንልም፤ ሆኖም በእንግሊዝኛ እስካሁን የሚጠራው በዚያው በቅጣቱ ስም ነው።

ጂም ጠላታችን ነው አላልንም። ከባድ ብረት መግፋት የሚወድ፣ ጉልበቱ ተጎድቶ ሐኪም ያዘዘለት፣ አሠልጣኝ አጠገቡ ካልቆመ የሚተኛ ሰው፣ አቅሙ ከፈቀደ ይግባ፤ ይጠቀማል። የዱቄት ነጋዴዎቹን ብቻ ይጠንቀቅ። (በሽሮ ጡንቻ አይወጣም ያለው ማነው? አተርና ሽምብራው ምን ሊሆን ነው ታዲያ?)

ወደ ሁለተኛው በር እንለፍ። «ቤትህ ሥራ።» እሺ፤ የቱ ቤት? ዶርማችንን ያየ ያውቀዋል። በተደራራቢ አልጋዎቹ መካከል ያለው ወለል ለአንድ ሰው ቁመት ይበቃል፤ ሁለተኛ ሰው ከመጣ መደራረብ ነው። ፑሽ አፕ የሚሠራው ጭንቅላቱን በበሩ በኩል አድርጎ፣ እግሩን አልጋ ሥር ከትቶ ነው። በዚያች ሰዓት ሳሙና ሊዋስ የመጣ ጎረቤት ሳያንኳኳ በሩን ቢበረግደውስ? እንዲህ ያለ አደጋ በኛ ዶርም ደርሷል፤ ተጎጂውም ይህን ጽሑፍ ከሚጽፉት አንዱ ነው።

ይሁንና እዚህ ላይ ወንድማችን እውነት አለው፤ እውነቱን አንነጥቀውም። ሰውነት ለዕቃ አያዳላም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ጡንቻ ጀሪካኑን ከፈረንጅ ብረት ለይቶ አያውቀውም። የሚያውቀው መክበዱን፣ በየጊዜውም መጨመሩን ነው። ባዶ ቆርቆሮ በሲሚንቶ ሞልተው፣ በብረት ቱቦ አጋጥመው ደረት ያወጡ የሰፈር ልጆች ምስክሮቻችን ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2013 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያም ማንንም ጂም ግባ አይልም። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይበቃዋል ነው የሚለው። ቀድሞ ከ10 ደቂቃ ያነሰ አይቆጠርም ይባል የነበረውንም ትቶታል፤ ደረጃ መውጣቱም፣ ውሃ መሸከሙም ይደመራል።

ይደመራል ከተባለ ዘንድ የሴቶቹን ሒሳብ እንስማ። ከመካከላችን ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ ከዚህ በታች ያለውን ያስጻፉንም እነሱ ናቸው። አንዷ ለእረፍት ቤተሰቦቿ ዘንድ ሄዳ፣ ጠዋት ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ ዘርግታ ቁጭ ብድግ ስትል እናቷ ደረሱ። «ምን ሆነሽ ነው? አመመሽ እንዴ?» ስፖርት ነው አለቻቸው። እናት ትንሽ አሰቡና «ጉልበት ከተረፈሽማ ቡናውን ውቀጪ» አሉ። ቡናው ተወቀጠ፤ ከቡናው ልብስ አጠባ፣ ከአጠባው ወጥ መሥራት ተከተለ። ወንድሟ ግን በዚያው ሳሎን ፑሽ አፕ ሲሠራ «ልጄ ጎበዝ» ተብሎ እንቁላል ተጠብሶለታል። ለሱ ቤት ጂም ነው፤ ለሷ የሥራ ቦታ ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሚሠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ አንዲት የኪራይ ክፍል ለሦስት ለአራት የሚጋሩ ሞልተዋል። ቀኑን ሙሉ ስፌት ላይ ዋሉ፣ ማታ ገቡ። ወንድማችን ሄዶ «ቤታችሁ ሥሩ» ይበላቸውና የሚሉትን ይስማ።

ደግሞም ሁለቱ በሮች አንድ የሚጋሩት ነገር አለ፤ ሰውን ብቻውን ነው የሚያስገቡት። አንዱ በማዳመጫው፣ ሌላው በግድግዳው። እንዲህ ያለው ነገር ለአገራችን ሯጭ እንግዳ ነው። ማይክል ክራውሊ የተባለ እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት ከኢትዮጵያ ሯጮች ጋር ኖሮ፣ አብሮ ሮጦ፣ በፈረንጆች 2020 መጽሐፍ አውጥቷል፤ ካስገረመው አንዱ ብቻ መሮጥ በሯጮቻችን ዘንድ ከሰው እንደ መሸሽ መቆጠሩ ነው። እኛን ምን ይገርመናል? ብቻውን የሚበላ ሰው ምን እንደሚባል እናውቃለን።

አበበ ቢቂላም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ዘመን ሊለወጥ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ ሮም ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ ሰው እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለ ባዶ እግሩ ነው። የክብር ዘበኛ ወታደር እንደነበረ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሜዳ ላይ እንደ ሠለጠነ፣ ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሠልጣኝ እንደነበረው ይረሳል። በዚያው ሩጫ አበበ ዋቅጅራ የሚባል ሌላ ኢትዮጵያዊ 7ኛ መውጣቱንማ ስንቶቻችን እናውቃለን? ሮም የደረሱት ሁለት አበበዎች ናቸው። አዲስ አበቤዎችም ቢሆኑ ለብዙ ዓመት ሊነጋጋ ሲል የመስቀል አደባባይን እርከኖች ሽቅብ ቁልቁል የሮጡት እየተያዩ ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በአንዳንድ እሑዶች አስፋልቱ ከመኪና ሲጸዳም የወጣው ሕዝብ ማሽን አልጠየቀም፤ ቦታ ብቻ ነው የፈለገው።

ቦታ ደግሞ እኛ አለን። ከንጋቱ 12 ሰዓት ወደ ሐይቁ ውረዱ። ዳር ዳሩን የሚሄደው ግድብ ለሩጫ የተሠራ ይመስላል። ጡረተኞቹ ከዘራቸውን ይዘው ሲራመዱ፣ ዓሣ አስጋሪው መረቡን ሲያራግፍ፣ አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳዎቹ እንደ ዳኛ ተኮፍሰው ሲጠብቁ ታያላችሁ። መመዝገቢያ የለም፣ መብራት አይሄድም። እርግጥ የዳርቻው ከፊሉ በየሆቴሉና በየሎጁ አጥር ተይዟል፤ ስለ አጥሩ ሌላ ቀን እንነጋገራለን። የተረፈው ግን የሁሉም ነው።

ይህን ጽፈን «የሁሉም ነው» ላይ አራት ነጥብ ልናደርግ ስንል ሁለቱ ሴቶች ሳቁ። «የማን?» አሉን። አንዷ ባለፈው ጥቅምት ለሦስት ጠዋት ሮጣ ትታዋለች። መጀመሪያ ቀን «እናቴ፣ ማንን ልትደርሺበት ነው?» ሁለተኛው ቀን «አብሬሽ ልሩጥ?»፤ ያለውም አብሯት ሮጠ፣ እየሳቀ፣ እስከ ጉዱማሌ ድረስ። ሦስተኛው ቀን እዚህ የማይጻፍ ነገር ተባለች። «ገንዘብ ቢኖረኝ ጂም ነበር የምገባው» አለችን። «የምከፍለውም ለብረቱ አይደለም፤ ለበሩ ነው። ይዘጋላ!»

ለካፊዎቹ ከየት መጡ? ከሰማይ አልወረዱም። አንዳንዶቹ በኪሳቸው የያዙት መታወቂያ እኛ የያዝነው ነው። «ከለካፊ ጋር ቆሞ ስቆ የማያውቅ እጁን ያውጣ» ብላ ጠየቀችን። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ወንዶች ነበርን። አንድም እጅ አልወጣም።

እንግዲህ ወንድማችን «ሰነፍ» ያለው ማንን እንደሆነ ደግሞ ይይልን። ጂሙን በገንዘብ፣ ቤቱን በሥራ፣ ሐይቁን በአፍ የዘጋንባት ልጅ ወገቧ ቢጎብጥ የማን ስንፍና ነው? ከሦስቱ የመጀመሪያውን ልንከፍት አቅም የለንም። ሁለተኛው ከእናቶቻችን ጋር ረጅም ክርክር ይጠይቃል፤ በክረምቱ እረፍት እንጀምረዋለን፤ ቡናውንም እኛ እንወቅጣለን። ሦስተኛውን የዘጋነው እኛው ነን፤ ለመክፈቻው የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።

ስለዚህ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ፍቅር ሐይቅ እንገናኛለን። ቱታ የሌለው ባለው ይምጣ። ከፊት የሚሄዱት ሴቶቹ ናቸው፤ ፍጥነቱንም የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ ወንዶቹ ከኋላ ነን፣ አፋችንን ዘግተን። መንገድ ላይ የሚለክፍ ጓደኛ ያለው ሰው ቀድሞ ያናግረው፤ ያን ጠዋት እናውቅሃለን ብለን በስሙ እንጠራዋለንና። ወንድማችንም ጫማውን አጥብቆ አስሮ ይምጣ። ካልመጣ መልሱን በሚቀጥለው እትም እንጠብቃለን።