ጥቂት ዋናተኞች

ገለጉ የከተማም የወንዝም ስም ነው። ከተማዋ የቋራ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ወንዙ ደግሞ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ውስጥ ከዲንደር ይቀላቀላል፣ በዲንደር በኩልም ዓባይን ይደርስበታል። በበጋ የመጣ እንግዳ ወንዝ ነው ቢሉት አያምንም። አሸዋው ነጥቶ ይተኛል፣ ውኃው እዚህም እዚያም በየኩሬው ተቆራርጦ ይቀራል፣ ከብት ይጠጣበታል፣ ልጅ ይንቦጫረቅበታል። ክረምት ሲገባ ግን ያ አሸዋ የት እንደነበረ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ብቻ ነው። «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ» የሚለውን አባባል ያወጣው ሰው እንዲህ ያለ ወንዝ አጠገብ ያደገ ይመስለኛል።

በዚያው ክረምት ደገኛው ወደ ቆላ ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ፣ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ ብዙ ወጣት ወደ ቋራና ወደ መተማ ይመጣል። ይህ ወጣት የሚያውቀው ወንዝ ሱሪውን ሰብስቦ የሚሻገረውን ነው።

በልጅነቴ ከማዶ ቆሞ ያየነውን አንዱን አልረሳውም። ጋቢውን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አኑሯል። እኛ ልጆች ውኃውን ወዲያና ወዲህ ስንሰነጥቀው አይቶ ቀላል መሰለው። እስከ ደረቱ ድረስ እየሳቀ መጣ፤ እኛም አብረነው ሳቅን። ከዚያ በኋላ ጋቢው ብቻ ነበር ከውኃው በላይ የሚታየው። አምስት ወይም ስድስት ነበርን፣ ሁላችንም ዋና እናውቃለን፣ አንዳችንም ግን አልቀረብነውም። የሰመጠን ሰው ከየት በኩል እንደሚይዙት፣ እርሱም አንቆ ሲይዝ እንዴት እንደሚላቀቁት ማን አስተምሮን ያውቃል?

ስለ ዋና ክለብ ሳነብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ያ ጋቢ ነው። በጣሊያን አገር ብዙ የዋናና የውኃ ፖሎ ክለቦች «ራሪ ናንቴስ» ይባላሉ። ስሙ የላቲን ነው፤ ሮማዊው ባለቅኔ ቨርጂል ኤኔይድ በተባለው ሥራው፣ መርከባቸው ተሰባብሮ በሰፊው ባሕር ላይ እዚህና እዚያ ተበታትነው የሚዋኙትን ጥቂት ሰዎች ከገለጸበት ቦታ የተወሰደ ነው። ስሙ የሻምፒዮኖች ሳይሆን ከመስመጥ ለማምለጥ የሚታገሉ ሰዎች ስም መሆኑ ይገርመኛል። ከእነዚህ ክለቦች አንዱ ራሪ ናንቴስ ፍሎሬንሺያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1904 በፍሎረንስ ከተማ፣ በአርኖ ወንዝ ዳር ተመሠረተ። አርኖም እንደ ገለጉ የሚታመን ወንዝ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1966 ከተማዋን እንዴት እንዳጥለቀለቀ ዓለም አይቷል። ክለቡ ግን የጣሊያንን የውኃ ፖሎ ሻምፒዮና ደጋግሞ ወሰደ፤ ልጁ ጃኒ ዴ ማጂስትሪስም ከ1968 እስከ 1984 በተካሄዱ አምስት ኦሊምፒኮች ለአገሩ ተጫወተ።

የቋራ ሰው ከጣሊያን ምሳሌ ሲወስድ ጥቂት ይጎረብጠዋል፤ እኔንም ይጎረብጠኛል። ፍሎሬንሺያ ዋንጫ በሚሰበስብበት በ1936 የፋሺስት ጦር ጎንደር ገብቶ ነበር። ሆኖም ዕውቀት ከጠላትም ቢሆን ይወሰዳል።

የውኃ ፖሎ ተጫዋች የገንዳውን ወለል አይረግጥም። ከበረኛው በቀር ኳሱን በሁለት እጅ መያዝ አይፈቀድለትም። እግሩን እያፈራረቀ በክብ እያሽከረከረ ከወገቡ በላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ባላጋራው ሲጎትተውና ሲጫነው እጁ ነጻ ሆኖ ይሠራል። ያን ዕለት ከእኛ የጎደለው ይኸው አልነበረምን? መዋኘትማ ወንዙ ራሱ አስተምሮናል። ወንዝ የማያስተምረው ሌላውን ሰው ይዞ መዋኘትን ነው፤ ያን የሚያስተምረው ታላቅ ለታናሽ የሚያወርስበት ማኅበር፣ ማለትም ክለብ ነው።

በአገራችን ግን ዋና ዋና ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። የምናስታውሰው ስንስቅበት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ሰንደቅ ዓላማችንን ይዞ የገባው ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨርሶ ከ59 ተወዳዳሪዎች 59ኛ ሆነ። በፍጻሜው ያሸነፈው አውስትራሊያዊ ርቀቱን በ47.58 ሰከንድ ነበር የዋኘው። ዓለም ስለ ልጁ ሆድ ቀለደ፤ እኛም አባቱ የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት መሆናቸውን አንሥተን ወቀስን። ወቀሳው አግባብ ይኑረውም አይኑረው፣ ማንም ሳይጠይቀው ያለፈ ጥያቄ ነበር፤ በክረምት ሙላት እየዋኙ የሚያድጉት የቆላ ልጆች የት ነበሩ? መዋኛ ገንዳ ስንል የሚታየን የሆቴል ግቢ ነው። ጎንደር ላይ እንኳ የፋሲል መዋኛ እየተባለ የሚጠራው ገንዳ በዓመት አንድ ጊዜ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ተሞልቶ ወጣቱ ይዘልበታል፣ ከዚያ በኋላ ይደርቃል።

እኔ ግን ሜዳልያ አልጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ውኃ የወሰደው ሰው 300 ሺህ ያህል ነው፤ ከእነዚህ ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጁላይ 25ን የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን አድርጎ ሰየመ። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18 ማለት ነው፤ ገለጉ የሚሞላበት፣ አራሚው የሚወርድበት ወቅት።

አገር ሰላም ባጣበት ዘመን ስለ ዋና መጻፍ ቅንጦት ይመስል ይሆናል። ክረምቱ ግን እንደ ልማዱ ይመጣል። የምጠይቀውም ገንዳ አይደለም። በየመሻገሪያው ውኃውን የሚያውቁ አምስት ስድስት ወጣቶች ይመደቡ፤ ከጉሙዝም ከአማራም ይሁኑ፣ ወንዙ ሁሉንም አሳድጓል። በበጋ በኩሬው ውስጥ ሰው ማውጣትን ይለማመዱ፤ ኳስ ካገኙ ፖሎም ይጫወቱበት። ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን ሰው ያንሳፍፋል። ገመድ ያስፈልጋል፤ ሠላሳ ሜትር ይበቃል። በሐምሌ ወንዙ ከዚያ ይሰፋል የሚል ካለ፣ ሌላ ሠላሳ ይቀጠልለት።