የመጀመሪያው ስህተት በማን አካል ላይ?

“በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት” የሚለው ተረት የሰርጀኖችን ሥልጠና ባሰብኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ሰርጀን ሆኖ የሚወለድ የለም። የማንም እጅ አንድ ቀን ይሳሳታል። ጥያቄው በማን አካል ላይ ይሳሳት ነው።

የምኖርባት አትላንታ ለዚህ ጥያቄ ቀድመው መልስ ከፈለጉ ከተሞች አንዷ ናት። በ2004 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የጠበበ የአንገት ደም ሥር የሚከፍተውን ስቴንት ሲፈቅድ፣ በቨርቹዋል ሪያሊቲ መለማመድ የሐኪሞቹ ሥልጠና አካል እንዲሆን ተቀብሏል። የእዚሁ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችም ሥልጠናውን ከጀመሩት ቀዳሚዎች ናቸው። ነገሩ የጌም ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ቀጭኑ ቱቦ ከብሽሽት ተነስቶ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሥር ድረስ ይዘልቃል፤ በመንገዱ ትንሽ ቅርፊት ካስለቀቀ ታማሚው በስትሮክ ሊመታ ይችላል።

ማስረጃም አለ። በዬል ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2002 የታተመ ጥናት 16 ሬዚደንቶችን ለሁለት ከፍሎ በሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና አወዳደረ። በቨርቹዋል ሪያሊቲ የተለማመዱት 29 በመቶ ፈጠኑ። ያልተለማመዱት ግን ከረጢቱን የመጉዳት ወይም ያልታሰበ ቦታ የማቃጠል ዕድላቸው አምስት እጥፍ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የሠለጠኑት ሬዚደንቶች የነባር ሰርጀኖችን ደረጃ በማሽኑ ላይ እስኪደርሱ ድረስ ልምምዱን አላቆሙም። ለውጡን ያመጣው መሣሪያው ብቻ ሳይሆን “ሳትበቃ አትነካም” የሚለው ሥርዓት ጭምር ነው።

ታዲያ እኛ ዳያስፖራዎች ስለ አገር ቤት ስናወራ “መነጽሩን ገዝተን እንላክ” እንላለን። ሐሳቡ ደግ ነው። ግን መብራት ሲጠፋ፣ ሶፍትዌሩ ክፍያ ሲጠይቅ፣ ጠጋኝ ሲታጣ መነጽሩ የመጋዘን ጌጥ ይሆናል። የላፓራስኮፒ እጅ ማፍታቻ ግን ከካርቶንና ከስልክ ካሜራ መሥራት ይቻላል። ኢትዮጵያ በ2016 ደኅንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ጥገናን ለማስፋፋት አገር አቀፍ ፕሮግራም ጀምራለች፤ ልምምድን የሚለካ ደረጃ ከዚያ ጋር ቢቀናጅ ብዙ ይጠቅማል።

ቨርቹዋል ሪያሊቲን መናቄ አይደለም፤ እንደ ደም ሥሩ ሥራ ላለው ካርቶን አይበቃም። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ መጀመሪያ የብቃት መለኪያ፣ ቀጥሎ አሠልጣኝ፣ መነጽሩ ከዚያ በኋላ። ከገጠር ላሟን ሸጣ ለሕክምና የመጣች እናት የማንም መለማመጃ መሆን የለባትም።