የአውቶቡስ ሰዓትና የመድኃኒት ሰዓት



ባለፈው ሳምንት ስለ ደም ግፊት መድኃኒት አወሳሰድ ጽፌ ነበር። ጋዜጣው በወጣ ማግስት አንዲት እናት ደውለው፣ «ሲስተር፣ ሽንት የሚያሸናውን ኪኒን ጠዋት ዋጡ ብለው ጽፈዋል። እኔ ግን ሐኪም ቤት ቀጠሮ ባለኝ ቀን አልውጠውም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሽንቴ ቢመጣ የት እገባለሁ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ግማሹ የመድኃኒት፣ ግማሹ የትራንስፖርት ስለሆነ ዛሬ ሁለቱንም አብረን እንየው።

ከመድኃኒቱ እንጀምር። ብዙዎች ላሲክስ ብለው የሚያውቁት ኪኒን ከተዋጠ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ሥራውን ይጀምራል፤ ለ6 ሰዓት ያህልም ይቆያል። ስለዚህ ጭንቀታቸው እውነት ነው። ነገር ግን በቀጠሮ ቀን መድኃኒት መዝለል ሌላ ጣጣ አለው። ግፊቱ ሲለካ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ሐኪሙም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ሊጨምር ይችላል። ያ ሰው በሚቀጥለው ቀን ሁሉንም በአንድ ላይ ሲወስድ ራሱን ያዞረዋል፣ ይወድቃል። መፍትሔው ለሐኪሙ ግልጹን መናገር ነው፦ «ከቤት እስከዚህ ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል፤ በቀጠሮ ቀን ቤቴ ስመለስ ብወስደውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለብዙ ሰው ሰዓቱን ማስተካከል ይቻላል። በራሳችሁ ፈቃድ ግን አታድርጉት።

የስኳር ታማሚም እንዲሁ ነው። ኢንሱሊኑን ተወግቶ «ቁርሴን እዚያው ስደርስ» ብሎ የወጣ ሰው ሰልፍ ላይ ስኳሩ ይወርድበታል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ 8 ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ይመክራል። 8 ጊዜ መሄድ 8 ጊዜ መመለስም ነው። እግሯ ያበጠ ሴት ሁለት ጊዜ ስትጉላላ ሦስተኛውን ትተወዋለች። በነርስነት ዘመኔ ቀጠሮ የሚያልፍባቸውን ሰዎች ምክንያት ስጠይቅ «ረስቼው ነው» ከሚለው መልስ እኩል የምሰማው «ትራንስፖርት አጥቼ ነው» የሚለውን ነበር።

ታዲያ ችግሩ የመኪና ማነስ ብቻ ነው? ልጆቻችሁ ሊያሰሉት የሚችሉት ቀላል ሒሳብ ላቅርብ። በአንድ መስመር በሰዓት 6 አውቶቡስ ያልፋል እንበል። በየ10 ደቂቃው አንድ አንድ እያሉ ከመጡ፣ ፌርማታ የደረሰ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። እነዚያው 6 አውቶቡሶች ሦስት ሦስት ሆነው በየግማሽ ሰዓቱ ቢመጡ ግን አማካዩ ጥበቃ 15 ደቂቃ ይሆናል፤ ያልታደለውም ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይገተራል። ነዳጁ ያው፣ ሾፌሩ ያው፣ ጥበቃው ግን ሦስት እጥፍ!

አውቶቡሶቹ ተያይዘው የሚመጡት ሾፌሮቹ ተጠራርተው አይደለም። የፊተኛው በመንገድ መጨናነቅ ትንሽ ሲዘገይ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ብዙ ሰው ይጠራቀማል። ያ ሁሉ ሰው ተጋፍቶ እየገባ ትኬት እስኪቆርጥ ድረስ የባሰ ይዘገያል። የኋለኛው የሚያሳፍረው ሰው ስለሚያንስ ይፈጥንና ይደርስበታል። ይህን ለመከላከል የሚረዱ ዘዴዎች አሉ፦ ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ፣ ከመሳፈር በፊት የሚቆረጥ ትኬት፣ እንዲሁም ከኋላው የቀረበውን አውቶቡስ መሐል ላይ ለሁለት ሦስት ደቂቃ የሚያቆይ ተቆጣጣሪ።

የታክሲው ነገር ደግሞ የተለየ ነው። ሚኒባስ የሚንቀሳቀሰው ሲሞላ ነው። ሞልቶ የተነሣ ታክሲ መሐል መንገድ ላይ ለቆሙ አዛውንት አይጠቅምም፤ እጃቸውን ሲያውለበልቡ ያልፋቸዋል። ማታ ማታ ደግሞ መስመር ይቆራረጥና በአንድ ታሪፍ ይደረስበት የነበረው ቦታ ሁለት ታክሲ ያስይዛል። ባለታክሲው የሚኖረው በተሳፋሪ ቁጥር ስለሆነ በባዶ ወንበር እንዲሄድ መስበክ ብቻውን አይበቃም። ሰው የማይበዛባቸውን መስመሮችና ሰዓቶች ለመሸፈን በተጓዘው ኪሎ ሜትር የሚከፈለው ተሽከርካሪ ማሰማራት ያስፈልጋል።

ሌላው ጥገና ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ምን ያህል እንደተደሰትን ታስታውሳላችሁ። ሁለት መስመር፣ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት፣ 41 ባቡር። ከዓመታት በኋላ ግን ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት መቆማቸው ተዘገበ። ሐዲዱ አለ፣ ጣቢያው አለ፤ ባቡሩ ሲያንስ ጥበቃው ይረዝማል። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ታንዛኒያም በዳሬ ሰላም ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ 21 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከፈተች። በጎ ሥራ ነበር፤ ዳሩ ግን የአውቶቡሶቹ ማደሪያ የተሠራው ጎርፍ በሚያጥለቀልቀው ጃንጉዋኒ በሚባል ሸለቆ ውስጥ ስለነበር አውቶቡሶች በጎርፍ ተበላሹ፣ ሕዝቡም በጣቢያው መሰለፍ ያዘ። መንገድና ሐዲድ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ተሽከርካሪ ግን እንደ ሕፃን ልጅ የየዕለት እንክብካቤ ይፈልጋል።

ስለዚህ እኛ ወላጆችና አያቶች በየወረዳው ስብሰባ ስንጠራ የምንጠይቀውን እንወቅ። «ስንት አዲስ አውቶቡስ ተገዛ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ ደስ ይላል። ከዚያ ይልቅ «ዛሬ ጠዋት ስንቱ ከጋራዥ ወጣ? በእኛ መስመር በየስንት ደቂቃው ይመጣል? ለመለዋወጫ የሚሆን በጀት ተይዟል?» ብንል ይሻላል። የሚመጣበት ሰዓት የታወቀ አውቶቡስ ለሕመምተኛ እንደ ግማሽ ሕክምና ነው። ቁርሱን መቼ እንደሚበላ፣ ኪኒኑን መቼ እንደሚውጥ፣ ከቤት መቼ እንደሚወጣ ያውቃል። ሰዓቱ የማይታወቅ ከሆነ ግን ለ2 ሰዓት ቀጠሮ በ11 ሰዓት በጨለማ መነሣት ሊኖርበት ነው። በየሆስፒታሉ ፊት ያለው ፌርማታም ጥላና መቀመጫ፣ በአቅራቢያውም ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ይኑረው። ይህ ባቡር የመግዛት ያህል ገንዘብ አይጠይቅም።

ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። ሁሉንም ታካሚ «ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ኑ» ብሎ መቅጠር፣ ተማሪውና ሠራተኛው በሚሻማበት ሰዓት አቅመ ደካማውን እንዲጋፋ ማስገደድ ነው። ከሩቅ የሚመጡትን አረጋውያን ለ4 ወይም ለ5 ሰዓት ብትቀጥሯቸው ታክሲውም ይቀልላቸዋል፣ የእናንተም ኮሪደር ይተነፍሳል።

እስከዚያው በቤታችን ልናደርገው የምንችለው አለ። ረጅም መንገድ የሚሄድ የስኳር ታማሚ ኢንሱሊን ተወግቶ ቁርሱን ሳይበላ ከቤት አይውጣ፤ በቦርሳውም ሁለት ሦስት ከረሜላ ወይም ትንሽ ስኳር ይያዝ። ለደም ምርመራ ጾማችሁ እንድትመጡ ከተነገራችሁ ስለ ጠዋቱ መድኃኒት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሰልፍ ላይ ለረጅም ጊዜ የምትቆሙ ተረከዛችሁን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ እግራችሁን አንቀሳቅሱ፤ ደም እንዳይረጋ ይረዳል። ሽንት ፈርቶ ውኃ አለመጠጣትም ኩላሊትን ይጎዳልና አይለመድ። የካርዳችሁን ቁጥር፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ስምና የቤተሰብ ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ።

ልጆቻችንን ደግሞ «ኖር» ማለትን እናስተምራቸው። በቤታችን ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫችን ብድግ እንላለን፤ አውቶቡስ ውስጥ ሲገባስ ለምን በስልካችን እንሸፈናለን? ሕፃን ያዘለች፣ ምርኩዝ የያዘ፣ ወሯ የገፋ ስትሳፈር ብድግ የሚል ልጅ ያሳደገ ወላጅ ለከተማው ትራንስፖርት የበኩሉን አድርጓል። መንግሥት ሰዓቱን ያስተካክል፤ ወንበሩን መልቀቅ ግን የኛ ነው።

የሳምንት ሰው ይበለን።