የ11ኛ ክፍል ልጅዎ የማን አማና ነው?



ውድ ወላጆች ሆይ! ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሩቅ ጠላት አይደለም። ስለ ራሳችን ቤት ነው። መልእክቱ ቢመራችሁ ይቅርታ አድርጉልን፤ ወንድም ለወንድሙ መስተዋት ነውና።

ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ሱቆቻችን ወደ አንዱ ጎራ በሉና ከባንኮኒው ጀርባ የቆመውን ወጣት ጠይቁት።

«ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«አስራ አንደኛ።»

«ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ምን ልትማር አስበሃል?»

ወጣቱ ዞር ብሎ አባቱን ያያል። አባትየውም በልጁ ፈንታ «እሱንማ አላህ ያውቃል!» ይላል።

አዎን፣ አላህ ያውቃል። አባትየውስ ጠይቆ ያውቃል? የልጁን የሒሳብ ደብተር ከገለጠ ስንት ጊዜው ነው? የስኳርና የዘይትን ዋጋ በየዕለቱ የሚከታተል አባት የልጁን ትምህርት በዓመት አንድ ጊዜ በካርድ ብቻ የሚያየው ለምንድን ነው? ይህን ተወኩል ብለን አንጥራው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ግመሉ የጠየቃቸውን ሰው መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያም በአላህ እንዲመካ ነው ያዘዙት። እኛ ግን ግመሏን ሳናስር ለቀን፣ ስትጠፋ «ቀደር ነው» እንላለን።

«ገና 11ኛ ነው፣ ለ12ኛ ይደርሳል» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ስህተቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የቀድሞው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ 11ኛ ክፍል ጸጥ ያለ ዓመት መስሏል። ነገር ግን ልጁ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚለውን የሚለይበት ዓመት ይህ ነው። ማኅበራዊ ሳይንስን የያዘ ልጅ ከዚያ በኋላ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ልሁን ቢል በሩ ተዘግቶበታል። ይህን የሕይወት መንታ መንገድ ስንቶቻችን ከልጆቻችን ጋር ተቀምጠን መከርንበት? ብዙውን ጊዜ ልጁ የሚመርጠው ጓደኛው የመረጠውን ነው። በዚያ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና የ11ኛን ትምህርትም ይጠይቃል። 11ኛ ላይ የተኛ ልጅ 12ኛ ላይ የሁለት ዓመት ዕዳ ይጠብቀዋል።

አሁን ሰበቦቻችንን አንድ በአንድ እንመልከት።

የመጀመሪያው «ፈተናው እንደሆነ አይታለፍ፣ ልጁን ለምን ላድክም?» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ፈተናው ከብዷል። ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ገብተው መፈተን በጀመሩበት በ2014 ዓ.ል ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በ2015ም ከመቶ 3.2 ነበር። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 ከፍ ብሏል፤ በዚያ ዓመት ያለፉት 48,929 ናቸው። ይህ ቁጥር ምን ይነግረናል? ለተስፋ ቢስ ሰው «ተው፣ አትድከም» ይለዋል። ለአስተዋይ ሰው ግን «ቶሎ ጀምር» ነው የሚለው። መቶ ሰው ቆሞ ስምንቱ ብቻ በሚያልፍበት በር ላይ ዘግይቶ የሚመጣ ማን ነው?

ሁለተኛው ሰበብ «እኛ ነጋዴዎች ነን፣ ንግዳችን ይበቃናል» የሚለው ነው። አባቶቻችን ንግድንና ሽመናን የሙጥኝ ያሉት ወደው ብቻ አልነበረም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት በዚህ አገር ለብዙ ሙስሊም የርስት በር ዝግ ነበር። ሚዛንና መወርወሪያ ይዘው ልጆቻቸውን በሐላል አሳደጉ፤ አላህ ይዘንላቸው። ያኔ በሩን የዘጋብን ሌላ ሰው ነበር፤ ዛሬ በልጆቻችን ላይ የምንዘጋው እኛው ነን! ደግሞስ ንግዱ እንደ ትናንቱ ነው? በ2013 ቡሬ ላይ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና ትልቅ የዘይት ፋብሪካ ተመርቀዋል። የዘይቱን ጥራት በላቦራቶሪ የሚመረምር፣ ማሽኑን የሚጠግን፣ ሒሳቡን የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል። ልጃችን ከዚያ ጄሪካን ተሸክሞ መውጣት ብቻ ነው ያለበት?

ሦስተኛው ሰበብ ከበድ ይላል። «ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲኑን ከሚያጣ ቤት ይቅር» የሚል ወላጅ አለ። ፍርሃቱን እናከብራለን፤ ከኢማን የመነጨ ነውና። ነገር ግን ወላጅ ሆይ! በ18 ዓመቱ ያለ ቀስቃሽ ሱብሒን የማይነሳ ልጅ ችግሩ ከዶርም ነው ከቤት? ዲን የሚገነባው ከጉዞው በፊት ነው። 11ኛ ክፍል ላይ ሶላቱን በራሱ የሚጠብቅ፣ ልብሱን የሚያጥብ፣ የተሰጠውን ብር ቆጥሮ የሚያወጣ፣ ጓደኛውን የሚመርጥ ልጅ አዘጋጁ፤ የትም ቢደርስ ጀማዓውን ፈልጎ ያገኛል። ዘይድ ኢብኑ ሳቢት ገና ወጣት ሳሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማሩ አዘዋቸው፣ በአጭር ጊዜም ቻሉት። ቁርአንን የማሰባሰቡ ታላቅ አማና የተጣለውም በእኚሁ ሰው ላይ ነው። የሌላውን ጽሕፈት መማራቸው ዲናቸውን መቼ ቀነሰው?

አራተኛው የሴት ልጅ ጉዳይ ነው። ልጂቱ 11ኛ ክፍል ስትደርስ ሽማግሌ ይመጣል፤ ደብተሩም ይታጠፋል። በ2017 በአክሱም ሂጃባችንን አናወልቅም ብለው ከክፍል የተከለከሉ ልጆቻችን ነገር ፍርድ ቤት እስከመድረስ ሄዷል። እነርሱ ሂጃባቸውንም ትምህርታቸውንም አንለቅም ብለው ተሟገቱ። እኛ ማንም ሳይከለክላት የራሳችንን ልጅ ከወንበሯ ስናስነሳት ለአላህ ምን እንመልሳለን? ሚስቱ ስታምጥ ሴት ሐኪም አምጡልኝ የሚል ሰው የማን ልጅ እንድትማርለት ነው የሚጠብቀው?

ስለ ጦርነቱም ዝም ብለን አናልፍም። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ በምዕራብ ጎጃም ገጠርም ብዙ ልጅ ዓመት አጥቷል። በዚህ ወላጅን መውቀስ ግፍ ነው። የገጠሩ ወላጅ ልጁን ወደ ከተማ ለመላክ መንገዱን ይፈራል፣ የቤት ኪራይ ያስጨንቀዋል። እንግዲህ የከተማ ሙስሊሞች ሆይ! አንሷሮች ለሙሃጂሮች ቤታቸውን እንደከፈቱ አንድ የገጠር ተማሪ በቤታችሁ ብታስጠጉ ምን ይጎድላችኋል? ለደረሳ ምግብ ማዋጣት የአባቶቻችን ወግ አልነበረምን? የበድር ምርኮኞችን እንኳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለመዲና ልጆች ማንበብና መጻፍ አስተምረው ነጻ እንዲወጡ አድርገዋል። ልጁን የሚያስጠና የተማረ ወጣት በየመስጊዳችን የለም?

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ያለው ሰዓት የልጁ ይሁን፤ ሱቁ ያለ እርሱ ይዋል ይደር። በየወሩ ትምህርት ቤቱ ሄደን መምህሩን በአካል እንጠይቅ። ያላነበብን ወላጆችም ብንሆን «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብሎ መጠየቅ ፊደል አይፈልግም። መስኩን ስንመርጥ የራሳችንን ምኞት ወደ ጎን ትተን የልጁን ችሎታ እንይ፤ ከ2015 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበትና ያለ ችሎታው የገባበት መስክ መጨረሻ ላይ ይጥለዋል። ከደብረ ማርቆስ፣ ከእንጅባራ ወይም ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጣ የሰፈር ልጅ ካለ ቡና አፍልተን ከልጃችን ጋር እናስቀምጠው፤ የማናውቀውን እርሱ ይነግረናል። ነጥቡ ያልመጣለትም ልጅ አይሰደብ። የማካካሻ ትምህርት አለ፣ የመምህራን ኮሌጅ አለ፣ ሙያ የሚማርበት ኮሌጅም አለ። ሐላል ሙያ ሁሉ ክብር ነው። ነውሩ ሳይሞክሩ መቅረት ነው።

እያንዳንዳችን እረኞች ነን፣ ስለ መንጋችንም እንጠየቃለን። የጠፋ ከብት ለማግኘት ሦስት ቀን ተራራ የሚወጣ ገበሬ፣ የጎደለ ሳንቲም ለማግኘት እስከ እኩለ ሌሊት የሚቆጥር ነጋዴ፣ የልጁ ሁለት ዓመት ሲጠፋ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?

አላህ (ሱ.ወ) ለልጆቻችን ጠቃሚ ዒልምን ይስጥልን፤ እኛንም አማናችንን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።